ጥርት ያለ ሁሉ ነዳጅ አይደለም

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በረራ ለሚማሩ ወጣቶቻችንና ለወላጆቻቸው በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ ከጥቂት ድግግሞሽ በቀር አልነካሁትም።)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በተለይ ደግሞ ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። በዚህ ዝናብ ቤታችሁ መቀመጥ ስትችሉ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከዝናቡ ጋር ደግሞ ዛሬ ብዙ ጉዳይ አለን።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ይህን ብርጭቆ እዩልኝ። ከኋላ ያላችሁም ይታያችኋል? ከፍ ላድርገው። ንጹሕ ነው ወይስ ቆሻሻ አለበት? እ? ጮክ በሉ። «ንጹሕ ነው» አላችሁ። ጥሩ። የሚንሳፈፍ ጉድፍ የለውም። ከሥሩ የዘቀጠ ነገር የለም። ላዩንና ታቹን የሚለይ መስመር የለም። ጥርት ያለ ነው።

ውሃ ነው። አሁን ከአዳራሹ ቧንቧ የቀዳሁት ውሃ ነው። ይህ ብርጭቆ ከአውሮፕላን ክንፍ ሥር የተቀዳ ቢሆን ኖሮ ሁላችሁም «ንጹሕ ነው» ብላችሁ መስክራችሁለታል። ያ አውሮፕላን ደግሞ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ልጃችሁን ይዞ ይነሣል።

ዛሬ የማወራው ስለ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች አይደለም። እነሱ ብዙ ጠባቂ አላቸው። እኔ የማወራው ዕድሜዬን ስለጨረስኩባቸው ስለ ትንንሾቹ ነው፤ አንድ ሞተር ስላላቸው፣ አራት ሰው ስለሚይዙት፣ እናንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለምትማሩባቸው ሴስናና ፓይፐር። ከዚህ ብዙም የማይርቀውን የኮሌጅ ፓርክ ሜዳ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1909 ዊልበር ራይት ለአሜሪካ ጦር መኮንኖች በረራ ያስተማረበት ነው፤ ያኔ የተከፈተው ሜዳ ዛሬም ይሠራል። እዚያ ቆማችሁ ብታዩ፣ ከመነሣቱ በፊት ነዳጁን መጨረሻ የሚያየው ሰው ማን ነው? አብራሪው ራሱ ነው። ከእሱ በኋላ ማንም የለም።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው ውሃ ነው። ሁለተኛው ያለቦታው የተቀዳ ነዳጅ ነው። ሦስተኛውን እዚያ ስደርስ እነግራችኋለሁ፤ ወደዚህ መድረክ ያወጣኝ እሱ ነውና።

ከውሃ ልጀምር።

አቭጋዝ የምንለው፣ የፒስተን ሞተር የሚጠጣው የአውሮፕላን ቤንዚን፣ አንድ ሊትሩ 720 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ሊትር ውሃ 1000 ግራም ነው። ስለዚህ ውሃ ታንክ ውስጥ ከገባ ይሰምጣል። የት ይቀመጣል? ከሥር። ሞተሩስ ነዳጁን ከየት ነው የሚስበው? ከዚያው ከሥር። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ይህን ያህልም ክፉ ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህን ግን ታውቅ ነበር። ልጅ ሆኜ ከሱቅ ላምባ በጠርሙስ ገዝቼ ስመጣ ወዲያው ኩራዙ ላይ አትገለብጠውም። በር ላይ ወጥታ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ታነሣዋለች፣ ዘንበል ታደርገዋለች፣ ዝም ብላ ታየዋለች። ከሥሩ የሚላወስ ነገር ካየች ላዩን ቀስ አድርጋ ትቀዳና ሁለት ጣት የሚያህለውን ትተወዋለች። ያላየችው ቀን ኩራዙ ይንጣጣል፣ ይንጣጣል፣ ድርግም ይላል። እኛም ጨለማ ውስጥ ቁጭ እንላለን። በቤታችን የውሃው ጉዳት ይኸው ነበር፤ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ማለት። ሜዳ ለቀን መቶ ሜትር ከፍ ስንል ኩራዙ ቢንጣጣስ?

ውሃው ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ በክዳኑ ነው። የሴስና ክንፍ ከላይ ነው፤ የታንኩ ክዳን በክንፉ ጀርባ ላይ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው የሚያድረው። በክዳኑ ውስጥ ያለችው ኦሪንግ፣ ውሃ እንዳይገባ የምትዘጋው የጎማ ቀለበት፣ ፀሐይ ሲያደርቃት ትሰነጠቃለች። እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ትበቃለች። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፤ ጠዋት ክንፉን ከላይ ብታዩት ደርቋል፣ ምንም የለም። ይህን የምላችሁ በመቶ የሚቆጠር ክዳን በእጄ ከፍቼ ነው። ኦሪንግ ማለት የምሳ ገንዘብ የማትሞላ ዕቃ ናት። ትንሽ ስትደርቅ ቀይሯት።

ሌላው ታንክ ጎዶሎ ሲያድር ነው። ባዶው ቦታ አየር ነው፣ አየሩ እርጥበት ይዟል፣ ሌሊት ሲበርድ እርጥበቱ የታንኩ ግድግዳ ላይ ያልበዋል፤ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ። ለበረራው ክብደት የሚከለክላችሁ ካልሆነ ሞልታችሁ አሳድሩት።

አገር ቤት የሠራችሁ ደግሞ በርሜሉን ታውቃላችሁ። በርሜል ይተነፍሳል። አዎ፣ ይተነፍሳል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይነፋና በክዳኑ ጥርስ በኩል ይወጣል። ማታ ሲበርድ መልሶ ይስባል። ቆሞ ያደረ በርሜል አናቱ ላይ የዝናብ ውሃ አቁሮ ከሆነ የሚስበው አየሩን ሳይሆን ያን ውሃ ነው። ክዳኑ ጠብቆ ተዘግቷል፣ ማንም አልከፈተውም፣ ጠዋት ግን ውስጡ ውሃ አለ። ለዚህ ነው በርሜል ተጋድሞ የሚያድረው፤ ሁለቱ ክዳኖቹ ጎንና ጎን በእኩል ከፍታ ሆነው፣ ከውስጥ ነዳጁ እያረጠባቸው። የግድ መቆም ካለበት ደግሞ ዘንበል ብሎ ይቆማል፣ ውሃው ከክዳኖቹ ርቆ እንዲያቁር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ወጣት ሳለሁ በኢሉባቦር በኩል አንዲት የሣር ሜዳ ላይ ረዳት መካኒክ ነበርኩ። የኢሉባቦርን ክረምት የሚያውቅ አለ? አዎ፣ እናቴ፣ እጅዎን ሲያነሡ አየሁ። ታውቁታላችሁ፣ ከጀመረ አያቆምም። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ላይ ሰማዩ ጠራ። አንዲት ሴስና 206 ቆማለች፤ ሕመምተኛ ልትወስድ ነው። ምጥ የጸናባት ሴት በቃሬዛ ላይ ተኝታ ሜዳው ዳር ትጠብቃለች፣ ዘመዶቿ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዙሪያዋን ቆመዋል። አለቃዬ፣ ጋሼ የምለው ትልቅ ሰው፣ ሞተሩ ላይ ነበር። «አንተ ነዳጁን እይ» አለኝ።

የነዳጅ መፈተሻ ኩባያውን ይዤ ክንፉ ሥር ገባሁ፣ ከታንኩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ገፋሁት፣ ኩባያው ሞላ። ወደ ሰማይ አነሣሁት። ጥርት ያለ ነው። መስመር የለው፣ ጉድፍ የለው። ቀለሙም ልክ ነው፣ ሰማያዊ ነው። «ጋሼ፣ ንጹሕ ነው» አልኩ።

ጋሼ መጣና ኩባያውን ተቀበለኝ። አላየውም። አሸተተው። ከዚያ ጥቂት ጠብታ እጁ ጀርባ ላይ አንጠባጠበና እጁን ወደኔ ዘረጋው። ቤንዚን እጅ ላይ ሲፈስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ቀዝቀዝ ይላል፣ ከዚያ ብን ብሎ ይጠፋል። ጋሼ እጅ ላይ ያለው ግን አልጠፋም። የእጁ ፀጉር ላይ እንደ ጤዛ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔ እጁን አያለሁ፣ እሱ እኔን ያያል።

ኩባያው አፍ እስከ ገደፉ ውሃ ነበር። መስመር ያጣሁት ለዚህ ነው፤ መስመር እንዲታይ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፣ እዚያ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የነበረው። ሰማያዊውስ? 100ኤልኤል የሚባለው የአቭጋዝ ዓይነት በቀለም ተነክሮ ሰማያዊ ይደረጋል፣ ይህን አውቅ ነበር። ግን እኔ ያየሁት ዝናብ ያጠበውን ሰማይ ነው። የሰማዩን ሰማያዊ ነው በውሃው ውስጥ አሻግሬ ያየሁት።

ጋሼ አልተቆጣኝም። ኩባያውን መልሶ ሰጠኝና «ቀጥል» አለኝ። ስድስት ኩባያ ውሃ ደፋሁ። ሰባተኛው ላይ ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ ሆኖ መጣ። መስመሩም ያኔ ታየ፤ እንደ ክር የቀጠነ። አሥረኛው ሙሉ ለሙሉ ሰማያዊ ሆነ። በቃ ስንል ጋሼ ክንፉን ጫፉ ላይ ይዞ ወዘወዘው፣ ጠበቅን፣ ደግሜ ቀዳሁ፣ ደግሞ ውሃ መጣ። ከዘመዶቿ አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ «ሴትዮዋ ልትሞትብን ነው!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ «ትንሽ ይታገሡን፣ አባቴ» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም። አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ከዚያ አውሮፕላኑ ተነሣ፣ ሴትዮዋም ሆስፒታል ደረሰች።

እኔ ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ «ንጹሕ ነው» ያልኩት ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ኩባያውን ወደ ሰማይ አታንሡ! ነጭ ነገር ላይ እዩት። ነጭ ወረቀት ይሁን፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ክንፍ ይሁን፣ ከጀርባው ነጭ ይኑር። ቀለሙን እዩ። አሽትቱት። ጥርት ማለቱን አትጠይቁ፣ ነዳጅ መሆኑን ጠይቁ። ጥርት ያለ ሁሉ ነዳጅ አይደለም። እደግመዋለሁ፣ ጥርት ያለ ሁሉ ነዳጅ አይደለም።

«ታዲያ ሞተሩ መሬት ላይ ሳለ ለምን አይጠፋም? ያኔ እናውቅ ነበርኮ» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሞተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠጣው በቱቦውና በካርቡሬተሩ ውስጥ ከትናንት የቀረውን ደኅና ነዳጅ ነው። በሱ ይሞቃል፣ በሱ ያኮበኩባል፣ ዳር ላይ ቆማችሁ ሞተሩን ስትፈትሹትም በሱ ነው «ደኅና ነኝ» የሚላችሁ። ከዚያ ነዳጅ ሙሉ ትሰጡታላችሁ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል፣ ከታንኩ ሥር የተኛው ውሃ ወደ መውጫው ይንሸራተታል። ውሃው ሞተሩ ላይ የሚደርሰው ማኮብኮቢያው ከኋላችሁ ቀርቶ ዛፉና ጣሪያው ከፊታችሁ ሲሆን ነው። ከ300 ጫማ ከፍታ ሴስና 172 ሞተር አጥታ ስትወርድ መሬት እስክትነካ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ጊዜ ስለመስጠት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ቡና ተፈልቶ ወዲያው ይቀዳል? አይቀዳም። ጀበናው ማቶት ላይ ይቀመጣል፣ ቡናው ይሰክናል። ያልሰከነ ቡና አተላውን ይዞ ነው የሚወርደው። ነዳጅም እንደዚሁ ነው። ገና ከቦቴ ሲቀዳ ተናውጧል፤ ውሃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ በመካከሉ ተበትኗል። ወዲያው ብትቀዱት ኩባያው ላይ ላታዩት ትችላላችሁ። የሚመከረው፣ አቭጋዝ በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 15 ደቂቃ ይስከን ነው። የጄት ነዳጅ ስለሚከብድ፣ ውሃ ቶሎ ስለማይለቅም፣ ለዚያው ጥልቀት አንድ ሰዓት ይፈልጋል። እኛ ሐበሾች ቡናን የምንታገሥ ሕዝቦች ነን። ሩብ ሰዓት አያቅተንም።

የምትማሩበት ሴስና 172 አዲሱ ዓይነት ከሆነ፣ 172አር ወይም 172ኤስ ማለቴ ነው፣ ማፍሰሻው አንድና ሁለት አይደለም። 13 ነው! በእያንዳንዱ ክንፍ ሥር አምስት አምስት፣ ከሆዱ ሥር ደግሞ ሦስት። ስንቱን ነው የምታዩት? እውነቱን ንገሩኝ። አሥራ ሦስቱንም? በብርድ ቀን፣ ጓንት ሳታደርጉ፣ አስተማሪው ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አሥሮ ሲጠብቃችሁ? ወላጆች፣ ልጆቻችሁ እየሳቁ ነው፤ መልሱን ከሳቁ ተረዱት። በክንፋቸው ውስጥ እንደ ፊኛ ያለ የጎማ ታንክ ያላቸው የቆዩ ሴስናዎችስ? ጎማው ሲጨማደድ ውሃው በጭምዳዱ ውስጥ ይተኛና ማፍሰሻው ጋ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስለዚህ ጭምዳድ አስገዳጅ መመሪያ ያወጣው በዋዛ አይደለም። ጋሼ ክንፉን ሲወዘውዝ የነበረው ይህን ዓይነት ነገር ገብቶት ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ያለቦታው የተቀዳ ነዳጅ።

ጄት ኤ-1 የምንለው ነዳጅ የላምባ የቅርብ ዘመድ ነው። ተርባይን ሞተር ይወደዋል። የፒስተን ቤንዚን ሞተር ግን እሱን ሲጠጣ ያለጊዜው ይፈነዳበታል፣ ያንኳኳል፣ ይግላል፣ ፒስተኑ ይበሳል። ቤንዚን መኪና ላይ ናፍጣ ተቀድቶባችሁ የሚያውቅ ታውቁታላችሁ። መኪና ግን ዳር ይዞ ይቆማል።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 2019 በኢንዲያና ግዛት፣ ኮኮሞ በምትባል ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። ፓይፐር ኤሮስታር የምትባል ሁለት የፒስተን ሞተር ያላት አውሮፕላን አረፈች። ቀጪን፣ ሹል አፍንጫ ያላት፣ ጄት የምትመስል ናት። ነዳጅ ቀጂው ጄት መሰለችው። አብራሪውን ጠየቀው፤ የጄት ነዳጅ ነው የምትፈልገው ብሎ። ቀጂው እንደተናገረው አብራሪው አዎ አለው። ከዚያ ሊቀዳ ሄደ። የጄት ነዳጅ መቅጃ አፉ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ እንዲያ የተሠራው አቭጋዝ ታንክ ውስጥ እንዳይገባ ታስቦ ነው። አልገባም። ታዲያ ምን አደረገ? አጋድሞ፣ ከቀዳዳው በላይ አዘንብሎ ይዞ ቀዳው። አውሮፕላኗ ተነሣች። ከሜዳው ብዙም ሳትርቅ እርሻ ላይ ወደቀች፤ ብቻውን የነበረው አብራሪ ሞተ።

እስቲ አስቡት። ብረቱ «አይሆንም» ብሎ ተናግሯል። መቅጃው አልገባም ብሏል። ከብረቱ በላይ እንዴት ይናገር? ቀጂው በጎ ሰው ነው፤ ጠይቋል፣ ሥራውንም ሊጨርስ ደክሟል። አብራሪውም ያጠና የተማረ ሰው ነው። ሁለቱም የሚያውቁትን ያውቃሉ። በመካከላቸው ግን አንድ ቃል ጎደለ።

እናንተ ከዚህ ምን ትይዛላችሁ? ሲቀዳ ቆማችሁ እዩ። ደረሰኙን አንብቡ። ጥርጣሬ ከገባችሁ ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉት፤ አቭጋዝ በኖ ይጠፋል፣ የጄት ነዳጅ ካለበት የቅባት ክብ ጥሎ ይቀራል። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። ዳይመንድ ዲኤ40ን ውሰዱ። አንዱ ዓይነት በላይካሚንግ ሞተር ይሠራል፣ አቭጋዝ ነው የሚጠጣው። ኤንጂ የሚባለው ወንድሙ ደግሞ ጄት ኤ-1 ነው የሚጠጣው። ጎን ለጎን ቢቆሙ መልካቸው መንታ ነው። በመልክ መፍረድ አይቻልም፤ በታንኩ አፍ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ብቻ ነው።

በመሐል ሳልረሳው፣ ኩባያ የማያሳየው በሽታም አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ በአውስትራሊያ፣ አልቶና ከሚገኘው የሞቢል ማጣሪያ በወጣ አቭጋዝ ውስጥ ኤትሊን ዳያሚን የሚባል ኬሚካል በጣም ጥቂት ሆኖ ቀርቶ ነበር። ነዳጁን ብታዩት ጤነኛ ነው። ነገር ግን ከመዳብና ከነሐስ ክፍሎች ጋር ሲገናኝ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ያበጃል፣ ያም የነዳጁን መንገድ ይዘጋል። 5000 ያህል አውሮፕላን ከመብረር ታገደ። ስለዚህ ማጣሪያ በከፈታችሁ ቁጥር፣ የማታውቁት ጥቁር ነገር ካያችሁ፣ በጨርቅ ጠርጋችሁ አትለፉት። አስቀምጡት፣ ለሰው አሳዩት፣ አመልክቱ።

ይኸው ሦስተኛው ደረሰ። ሦስተኛው ዝምታ ነው።

አንድ የኛ ልጅ ነበር። ስሙንም፣ የሚማርበትን ቦታም አልናገርም፣ ከዚህ ከተማ ግን አይደለም። ጨዋ ልጅ፣ ትልቅ አክባሪ። አንድ ማታ ስልክ ደወለልኝ። ሲያለቅስ ነው የሰማሁት። «ጋሼ፣ አይቼው ነበር» አለኝ። ምኑን አየኸው ልጄ? «ኩባያው ውስጥ አይቼው ነበር።»

ጠዋት ነዳጁን ሲያይ ከኩባያው ሥር አንዲት ትንሽ ነገር ስትንከባለል አየ። እንደ ዶቃ። ኩባያውን ወደ ግራ ሲያጋድል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያጋድል ወደ ቀኝ። ውሃ መሆኗን አውቋል። ማወቁን አውቋል። ቀና ሲል አስተማሪው ሰዓቱን እያየ ነው። ሌላ ተማሪ ተራውን ይጠብቃል። ኩባያዋን መሬት ላይ ደፋና «ጨርሻለሁ» አለ። ደግሞ አልቀዳም። ለአስተማሪው አልተናገረም። ተነሡ፤ ሞተሩ ተንተባተበና ጠፋ። አስተማሪው አፍንጫውን ወደ ታች ሰጥቶ ፊት ለፊት ባገኘው የአኩሪ አተር ማሳ ላይ አሳረፈው። አውሮፕላኑ ተሰባበረ፣ የአስተማሪው ማጅራት ተጎዳ፣ ልጁ ትከሻው ተሰበረ። ነፍሳቸውን እግዚአብሔር አተረፈ።

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። ምን አለኝ መሰላችሁ? «ይሉኝታ ያዘኝ።»

ይሉኝታ! ይህን ቃል ለአሜሪካ መርማሪ እንዴት አድርጋችሁ ታስረዱታላችሁ? እኛ ግን እናውቀዋለን። ከእናታችን ጡት ጋር የጠጣነው ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አትናገር፣ ሰው አታስቸግር፣ ጊዜያቸውን አትብላ፣ አላዋቂ ይሉሃል። እኔ ይሉኝታን አልሰድብም። ያሳደገን እሱ ነው፣ ከጎረቤት ያኖረን እሱ ነው። ነገር ግን ወላጆች ሆይ፣ እለምናችኋለሁ፣ በዚህ አንድ ቦታ ላይ ልጆቻችሁን ፍቱልኝ። «በአውሮፕላን ጉዳይ ትልቁንም ሰው ተናገረው፣ ባርኬሃለሁ» በሏቸው። ከእናንተ አፍ ካልሰሙት ከእኔ ቢሰሙት አይበቃቸውም።

አስተማሪዎችም እዚህ አላችሁ፤ ለእናንተም አለኝ። ቦብ ሁቨር የሚባል ስመ ጥር አሜሪካዊ አብራሪ ነበር፤ የአየር ትርኢት ንጉሥ የሚባል ሰው። ሳንዲየጎ ላይ ሽራይክ ኮማንደር የምትባል የፒስተን አውሮፕላኑን አንድ ወጣት ነዳጅ ቀጂ ተርባይን መስላው የጄት ነዳጅ ቀዳባት። ሁቨር ሁለት መንገደኛ ይዞ ተነሣ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉበት። በእጁ ብልጠት ገደል ውስጥ አሳረፋት፤ አውሮፕላኗ ተሰባብራ ሰዎቹ ተረፉ። ተመልሶ ሜዳው ሲደርስ ያ ወጣት አጥር ተደግፎ ቆሟል፤ ዓለም የተደፋበት ይመስላል። ሁቨር ምን አደረገ? ትከሻውን አቀፈው። አንተ ይህን ስህተት ሁለተኛ እንደማትሠራ አውቃለሁ፣ ነገ የምበርበትን አውሮፕላኔን አንተ እንድትቀዳልኝ እፈልጋለሁ አለው። ከዚያም በኋላ የጄት መቅጃ አፍ ወደ አቭጋዝ ታንክ እንዳይገባ ተደርጎ እንዲሠራ ብዙ ደከመ፤ መቅጃው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ጋሼም ኢሉባቦር ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ኩባያውን መልሶ ለእኔ ነው የሰጠኝ። ያን ቀን ኩባያውን ቀምቶ ቢያዋርደኝ ኖሮ ሁለተኛ ያየሁትን ለማን እነግር ነበር?

ስለዚህ አስተማሪዎች፣ ልጁ «ውሃ አየሁ» ሲላችሁ ሰዓታችሁን አትመልከቱ። «ጎሽ!» በሉት። ከአሥራ ሁለት ማፍሰሻ ምንም ሳያገኝ በአሥራ ሦስተኛው ያገኘውን ልጅ «ጎሽ» በሉት።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ አዘጋጆቹ ምልክት እየሰጡኝ ነው። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሞተሩ ከጠፋባችሁስ? አስተማሪዎቻችሁ ያስተምሯችኋል፣ እኔ መካኒክ ነኝ። አንዱን ብቻ ልበል፤ ገና ከሜዳው እንደተነሣችሁ ዝቅ ብላችሁ ሳላችሁ ከጠፋ ወደ ኋላ ለመዞር አትሞክሩ። አፍንጫዋን ወዲያው ዝቅ አድርጉ፣ 172ኤስ ከሆነች በፍጥነት መለኪያው 70 ኖት ያዙላት፣ ከፊታችሁ ካለው ሁሉ የተሻለውን መርጣችሁ ውረዱ። ማሳ ይሻላል። ያን ልጅና አስተማሪውን ያተረፈ ማሳ ነው።

ያ ልጅ ዛሬ ይበራል። ትከሻው ድኗል፤ የንግድ አብራሪ ፈቃዱን አውጥቷል። ባለፈው ወር ሊጠይቀኝ ሲመጣ አብረን ሜዳ ወጣን። ክንፉ ሥር ተንበርክኮ ሲቀዳ አየሁት። ከኪሱ የታጠፈ ነጭ ወረቀት አወጣና ከኩባያው ጀርባ ያዘው። ከዚያ ለእኔ አቀበለኝ፤ «ጋሼ፣ እርስዎም ይዩልኝ» ብሎ።

የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ካባራ፣ አንዲት 172 ሜዳ ላይ ትጠብቀናለች። መምጣት የምትፈልጉ ልጆች ስማችሁን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጻፉ። ወላጆችም ኑ። ኩባያ አመጣለሁ፣ ነጭ ወረቀት አመጣለሁ፣ አሥራ ሦስቱንም እናንተ ትቀዳላችሁ። አመሰግናለሁ።